ለየትኛው መንገድ የትኛው ዘፈን?

ሰው ለጉዞ ሲነሣ ልብሱን አጥፎ፣ ሻንጣውን ዘግቶ፣ ሰነዱን ሁለት ጊዜ ፈትሾ ነው። ዘፈኑን ግን መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ እንዳገኘ ይመርጣል። እኔ ይህን ትልቅ ጥፋት አድርጌ አየዋለሁ። መንገድ ላይ የተሰማ ዘፈን ቤት ውስጥ እንደተሰማው አይደለም። ዓይን አዲስ ነገር እያየ፣ እጅ ሥራ ፈትቶ፣ ልብ በተለዩት ሰውና በሚደርሱበት ቦታ መካከል ሲዋልል የገባ ዜማ ከመንገዱ ጋር ይጣበቃል። ከዓመታት በኋላ ያው ዘፈን ሲከፈት ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ዘፋኙ ሳይሆን ያ መስኮት ነው።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሌሊት ናት። ታላቅ እኅቴ በድንገት ታማ ተጠራሁና የመጨረሻውን አውቶብስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ አግድም ይፈስሳል፤ ከፊቴ ያለው ወንበር ጀርባው ተቀዶ ክር ወጥቶበታል። ያንን ክር በጣቴ እየጠቀለልኩ፣ መልሼ እየፈታሁ፣ ከዘፈን ሁሉ አብልጬ የምወደውን አንዱን ያጽናናኛል ብዬ እስኪነጋ ደጋገምኩት። እኅቴ ዳነች። ዘፈኑ ግን እንደታመመ ቀረ። ዛሬም መግቢያው ላይ ሳክስፎኑ ሲነሣ ሆዴ ይባባል፤ ጣቴ ክር ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ለጉዞ ስሰናዳ ራሴን የምጠይቀው የትኛውን ዘፈን እንደምወድ ሳይሆን፣ የትኛውን ዘፈን ለዚህ መንገድ ለመስጠት እንደፈቀድኩ ነው። አማራጮቹን የማወዳድረው በዚሁ ጥያቄ ሚዛን ነው።

የለመዱት ወይስ አዲስ?

የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። የለመዱት ዘፈን ያረጋጋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስንኝ ስለምናውቀው ጆሮአችን አይደክምም፤ ምንም በማናውቀው ቦታ መካከል አንድ የታወቀ ነገር ይሆነናል። ሮበርት ዛዮንስ የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላትና የማያውቋቸውን ሰዎች ፊት ሳይቀር ደጋግመው ባዩ ቁጥር ወደ መውደድ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ከዘፈን ጋር ያለን ዝምድናም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድን ዜማ አምስተኛና ስድስተኛ ጊዜ ስንሰማው የምናገኘው ደስታ ከዜማው ብቻ የመጣ ሳይሆን ከመተዋወቃችንም ጭምር ነው።

አዲስ ዘፈን ደግሞ የራሱ ጸጋ አለው። ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ስለሆነ መንገዱ እንደልቡ ይጽፍበታል። አንድም ፎቶግራፍ ያላነሣሁባቸው ጉዞዎች አሉኝ፤ ያን ሰሞን የሰማሁትን አልበም ስከፍት ግን የአቧራው ቀለም፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የያዘችው የብርቱካን ሽታ፣ ሁሉም ይመለስልኛል። ከጉዞ ይዞ ለመመለስ ከዚህ የቀለለ ዕቃ አላውቅም። ችግሩ አዲስ ዘፈን ትኩረት መጠየቁ ነው። በተጨነቁበት፣ በተቻኮሉበት ወይም እንቅልፍ በተጫጫነበት ሰዓት የተከፈተ አዲስ አልበም ሳይሰማ ያልፋል። ይባስ ብሎም ጥሩው ሥራ "ምንም አላገኘሁበትም" ተብሎ ለዘለዓለም ይጣላል።

ስለዚህ እኔ ሁለቱን የማለያየው በሰዓት ነው። ለመነሻው ሰዓት፣ ለመሳፈሪያው ግርግር፣ ለሌሊቱና ለመድረሻው የለመድኩትን እይዛለሁ። ለረጅሙ የቀን እኩሌታ፣ ሰውነት ከወንበሩ ጋር ተስማምቶ ዓይን ወደ ውጭ መመልከት ሲጀምር፣ አዲስ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አንድ አልበም ብቻ። አራት አዲስ አልበም ይዞ የሄደ ሰው አንዱንም ሳያውቀው ይመለሳል።

ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከላይ የነገርኳችሁ ሌሊት ያስገኘው ነው። ጉዞው ወደ ሐዘን፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ መለያየት ከሆነ ከልብ የምትወዷቸውን ዘፈኖች ቤት ተዉአቸው። በእንዲህ ያለ ቀን የምትሰሙት ጨዋ፣ ጥሩ የተሠራ፣ ነገር ግን ልባችሁ ያልተንጠለጠለበት ሙዚቃ ይሁን። ያጽናናችኋል፤ ብታጡትም አታዝኑበትም።

ግጥም ያለው ወይስ መሣሪያ ብቻ?

በአማርኛ የሚዘፈን ዘፈን በግማሽ ጆሮ አይሰማም። ስንኙ ሰምና ወርቅ ካለው ጆሮ ይቆማል፤ "ምን ማለቱ ነው?" እያለ ይከተላል። ይህ ለተሳፋሪ ትልቅ ሀብት ነው። ቤት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያለፈንን ስንኝ፣ ሌላ ሥራ በሌለበት መንገድ ላይ ድንገት እናገኘዋለን። መጽሐፍ ለሚያነብ ግን ዘፈኑና ገጹ በአንድ በር ሊገቡ ይጋፋሉ፤ ሁለቱም ቃል ናቸውና። አንድን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ካልገባችሁ ከመጽሐፉ ቀድማችሁ ዘፈኑን ጠርጥሩ። ለማንበብ፣ ለመጻፍ ወይም ለማሰብ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይሻላል። በማታውቁት ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈንም መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ የሰው ድምፅ ሙቀት አለው፣ ቃሉ ግን አይጎትትም።

በመሣሪያ ከተቀነባበረው ሲመርጡ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ የሞተሩ ድምፅ። ሞተርና ጎማ የሚያወጡት ጉምጉምታ አብዛኛው ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ በራሱ አካባቢና ከራሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለውን ድምፅ ይሸፍናል። በገናን በሌሊት ጸጥታ ስሰማው አሥሩም አውታሮቹ ደረቴ ውስጥ ይርገበገባሉ፤ በአውቶብስ ውስጥ ስሰማው ግን የቀረልኝ የደርዳሪው ድምፅ ብቻ ነበር፣ አውታሮቹን ሞተሩ ውጧቸዋል። ዋሽንትና ክራር ግን በዚያው ጉምጉምታ ላይ ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ድምፃቸው ከሞተሩ እጅግ ከፍ ያለ ነውና። ስለዚህ በገናን ለማረፊያ ክፍላችሁ አስቀምጡት፤ እንዲያ ያለውን ድምፅ ከሞተር ጋር ማታገል ግፍ ነው።

በድምፅ ልዩነት ሰፊ የሆነ ሙዚቃም እንዲሁ ያስቸግራል። በትልቅ ኦርኬስትራ የተሠራ ሥራ አንዴ እንደ ሹክሹክታ ይወርድና አንዴ እንደ ነጎድጓድ ይነሣል። ጉዞ ላይ ሹክሹክታው አይሰማም፤ እሱን ለመስማት ድምፁን ስትጨምሩ ነጎድጓዱ ጆሮአችሁን ይመታል። መጠኑ ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ የሆነ ቅንብር፣ ለምሳሌ ትንሽ የጃዝ ቡድን ወይም አንድ ድምፃዊ ከጊታር ጋር፣ በመኪናም በአውሮፕላንም አይከዳም።

ትዝታ መቼ ይከፈት?

ስለ ስሜት ብዙ አልልም፤ እያንዳንዱ ልቡን ያውቃል። አንድ ነገር ግን በጽኑ አምንበታለሁ፤ ትዝታን በመነሻ ሰዓት አትክፈቱ። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ናፍቆትን እንደ ትዝታ የሚቀሰቅስ የለም። ገና የተሰናበቱት ሰው እጁን ሳያወርድ ናፍቆትን መቀስቀስ በቁስል ላይ እጅ መጫን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከተሄደ በኋላ ግን፣ ስንብቱ ከረጋ በኋላ፣ ያው ዜማ ይጣፍጣል። ለመነሻ ባቲ ደስ ይለኛል፤ አንዳች የመነሣሣት ነገር አለው። አንቺሆዬ ደግሞ ጠባብ የድምፅ ርቀቶቹ ያልተቋጨ ስሜት ስለሚሰጡኝ ለአመሻሽ፣ ብርሃኑ ሲሄድና ገና ሳይጨልም፣ እመርጠዋለሁ። ይህ የእኔ ጆሮ ፍርድ ነው፤ የእናንተ ሌላ ሊል ይችላል።

መንገዱ በምንድን ነው?

ለሚነዳና ለሚነዳለት አንድ ዓይነት ዘፈን መምረጥ አይገባም። መሪ ለያዘ ሰው ፈጣን ምት አደገኛ ነው። ዋረን ብሮድስኪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ የተቀመጡ ሰዎች የሙዚቃው ምት ሲፈጥን ፍጥነታቸውን ይጨምሩ ነበር፤ ቀይ መብራት መጣስና መስመር መሳትም በዝቶባቸዋል። እግር ምትን ይከተላል፣ ባለቤቱ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ለአሽከርካሪ በመካከለኛ ፍጥነት የሚሄድ፣ የታወቀ፣ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ንግግር የማይሸፍን ሙዚቃ ይበቃዋል። የድምፁ ልክ ደግሞ የሌላ መኪና ጡሩምባና የአምቡላንስ ጩኸት በተዘጋ መስኮት የሚሰማበት መሆን አለበት። የተጫጫነ እንቅልፍን በጮኸ ሙዚቃ ለማባረር መሞከር ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው፤ ሙዚቃ እንቅልፍን አያስቀርም፤ መኪና አቁሞ መተኛት ብቻ ነው መፍትሔው። የጆሮ ማዳመጫ ለነጂ ፈጽሞ አይገባም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመኪና ነጂም ለብስክሌተኛም ከልክላዋለች፤ እገዳው የትም ባይኖር እንኳ ምክንያቱ የትም ያው ነው።

ለአውቶብስና ለባቡር ተሳፋሪ ምርጫው ሰፊ ነው። ባቡር የራሱ ምት ስላለው ዝግ ያለ ዜማ ይስማማዋል። አውቶብስ ግን ይነቀንቃል፤ የሚያጥወለውለው ሰው ስልኩን እያየ ዘፈን መምረጥ የለበትም። የውስጥ ጆሮ "እየተንቀሳቀስን ነው" ሲል፣ በስልኩ ላይ የተተከለ ዓይን "ቆመናል" ይላል፤ ማጥወልወሉ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ነው። ዝርዝሩን ከመነሣት በፊት አዘጋጅቶ፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይንን ወደ ሩቁ አድማስ መላክ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል።

የአውሮፕላኑን ነገር ከማዳመጫው ጋር እመለስበታለሁ። በእግር ለሚጓዝ ግን ሙዚቃ ከሁሉም በላይ ጉልበት ነው። ዘና ብሎ የሚራመድ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 እርምጃ ያህል ይረግጣል፤ በዚህ ፍጥነት የሚመታ ዘፈን እግርን ይዞ ይሄዳል። ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። በችክችካ ምት የተሠራ ዘፈን ሲሆን ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል፤ በስድስቱ ንዑስ ምቶች ላይ ሳይሆን እግር በሚያርፍባቸው በሁለቱ ዋና ምቶች ላይ ቁጠሩ። የምቱን ኃይል ለመረዳት ኃይሌ ገብረሥላሴን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ውስጥ የቤት ውስጥ 2000 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ በስታዲየሙ የሚሰማውን ዘፈን ምት በእርምጃው እየተከተለ ነበር። እኛ ዳገት ስንወጣ የምናገኘው ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚሄድ እግረኛ ግን አንድ ጆሮውን ክፍት ይተው።

የጆሮ ማዳመጫው

ዘፈኑን በጥንቃቄ መርጦ በማይሆን ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ልፋቱን ያጣል። ለጉዞ የሚመረጡት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ የውጭን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋው፣ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ በላስቲክ የሚደፍነው፣ እና ጆሮን ሳይደፍን የሚንጠለጠለው።

የመጀመሪያው የተወለደው በጉዞ ላይ ነው። የድምፅ መሣሪያ መሐንዲሱ አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር በአውሮፕላኑ የተሰጠውን ማዳመጫ አድርጎ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ሙዚቃውን መስማት አቃተው፤ ሐሳቡን በዚያው በረራ ላይ መንደፍ ጀመረ። ለአብራሪዎች የተሠራው ማዳመጫ ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው። አሠራሩ ያስደንቃል። ትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይሰማሉ፤ መሣሪያው የዚያን ድምፅ ሞገድ ገልብጦ ያወጣል፤ ጉብታው ከጎድጓዳው ሲገናኝ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ይህ የሚሳካው ሳያቋርጥ በሚሄድ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ነው፤ ለአውሮፕላንና ለአውቶብስ ሞተር የተፈጠረ ይመስላል። የሚያለቅስ ሕፃንና የሚጨዋወቱ ጎረቤቶች ግን ድምፃቸው ከፍ ያለና ተለዋዋጭ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አያጠፋቸውም። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች አጋጥመውኛል።

በላስቲክ የሚደፍነው በተቃራኒው ከፍ ያለውን ድምፅ በደንብ ይከለክላል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ጋደም ብሎ ለሚተኛም ይመቻል። አብረውት ከሚመጡት የተለያየ ልክ ላስቲኮች ለጆሯችሁ የሚሆነውን ካላገኛችሁ ግን ወፍራሞቹ ዝቅተኛ ድምፆች ስለሚሾልኩ ሙዚቃው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ማዳመጫውን የሚወቅሰው ጥፋቱ የላስቲኩ ሆኖ ሳለ ነው። አውሮፕላን ሲወርድ የጆሮ ግፊት እስኪስተካከል ማውጣቱ ያሳርፋል። ጆሮ የማይደፍነው ለእግር መንገድና ለጣቢያ ነው፤ ስም ሲጠራ ይሰማል። በአውሮፕላን ውስጥ ግን ከንቱ ነው።

በዚህ ጉዳይ አብዝቼ የምናገረው ስለ ጆሮ ስለምፈራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) መስማትን እንደ ወሰን ያስቀምጣል፤ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዴሲቤል የቀረው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጡ ከ80 እስከ 85 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ በተራ ማዳመጫ ሙዚቃውን ከዚህ በላይ ለማውጣት የሚሞክር ሰው የሳምንት ድርሻውን በአንድ በረራ ይጨርሳል። ድምፅ የሚያጠፋ ማዳመጫ ከፍ ያለ ዋጋ የሚገባው ለቅንጦት ሳይሆን ለዚህ ነው። በዓመት አንዴ የሚበር ሰው ላይፈልገው ይችላል፤ በየወሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ ግን ከሌላ ነገር ቀንሶም ቢሆን ይግዛው። ሲገዛ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳለው ይይ፤ የብዙ አውሮፕላኖች የወንበር ስክሪን ብሉቱዝ አይቀበልም፣ ባትሪ ሲያልቅም ሽቦ ያድናል።

በቅደም ተከተል ወይስ በዘፈቀደ?

ካሴት በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። የ60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ይይዛል፤ ዘፈኖቹ በተቀዱበት ተራ ይመጣሉ፤ የአንዱ መጨረሻ ለሌላው መግቢያ ሆኖ ጆሮ ይለምደዋል። አሁን ስልኩ ራሱ ይበውዛል። ብወዛው ለአጭር መንገድ መልካም ነው፤ ያልጠበቁት ዘፈን ሲመጣ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን እውነተኛ ዕጣ ሰው እንደሚያስበው አይበትንም። ከ100 ዘፈኖች 10ሩ የአንድ ድምፃዊ ከሆኑ፣ በንጹሕ ዕጣ ሲበወዙ የእሱ ሁለት ዘፈኖች ተከታትለው መምጣታቸው በአማካይ አንድ ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ ሰሚው ግን "ተበላሽቷል" ይላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 በአይቲዩንስ የሙዚቃ ማጫወቻው ላይ ብወዛውን ሰሚው የሚያስተካክልበትን መንገድ የጨመረው ከዚህ ቅሬታ የተነሣ ነው።

ለረጅም ጉዞ እኔ በእጅ የተሰደረውን አስበልጣለሁ። ብወዛው መቼ እንደመሸ አያውቅም። ከእንቅልፍ አፋፍ ላይ ከበሮ ያመጣል፤ ከፀሐይ መውጫ ላይ ሙሾ ያመጣል። በአንድ ሰዓት ወደ 15 ዘፈን ያህል ስለሚገባ፣ የስምንት ሰዓት መንገድን እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የሚሆኑ አምስት ዝርዝሮች ይሸፍኑታል፤ ቀሪው ሦስት ሰዓት ለአዲሱ አልበም፣ ለጨዋታና ለዝምታ ነው። ዝምታውን አደራ እላለሁ። ለስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ የተሰማ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ጆሮ አርፎ ሲመለስ ግን የመጀመሪያው ዘፈን እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ከኢንተርኔት ወይስ ስልክ ላይ?

እዚህ ላይ ማመዛዘን አያስፈልግም፤ አውርዳችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ የስድስት ሰዓት ዝርዝር ሰድሬ፣ ርዕሶቹን ሁሉ ስልኬ ላይ እያየሁ ተነሣሁ። ከከተማ ወጥተን መረብ ሲጠፋ ርዕሶቹ ሁሉ ግራጫ ሆኑ፤ ስልኬ ላይ የነበሩት ስሞቹ እንጂ ዘፈኖቹ አልነበሩም። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ በአንድ ያረጀ፣ ለስልክ ጥሪ ባስቀመጥኩት ዜማ ነው የተጓዝኩት። አሁን ከመነሣቴ በፊት ማታ ስልኩን ከኢንተርኔት አቋርጬ ከእያንዳንዱ ዝርዝር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዘፈን እከፍታለሁ። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ አገልግሎቶች የወረደውም ዘፈን እንዳይዘጋ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን ይጠይቃሉ፤ ለረጅም ቆይታ የሚሄድ ይህን ያስብ።

ስለ ጥራቱ ብዙ መጨነቅ አያሻም። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ ሙዚቃ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይይዛል፤ በ320 ኪሎቢት የተቀዳው 144 ሜጋባይት ገደማ። ምንም ሳይቀነስ የተጨመቀው ደግሞ ከዚህ ሁለት እጥፍ በላይ ይሄዳል። በጸጥታ ክፍል ውስጥ ልዩነቱን የሚለዩ ጆሮዎች አሉ፤ በሚነቀነቅ አውቶብስ ውስጥ ግን መካከለኛው ይበቃል።

ለብቻ ወይስ ከሰው ጋር?

ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ነው። ያ ትንሽ ካሴት ማጫወቻ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ በላዩም ላይ አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ ነበረች። ቁልፏ ስትጫን ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ በትንሽ ማይክሮፎን ሁለቱ ሰሚዎች ይነጋገራሉ። ሙዚቃን የብቻ አደረገ የሚባለው መሣሪያ ከመነሻው ለሁለት ሰው መታሰቡ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ለብቻ መስማት ነጻነት ነው፤ የፈለጉትን ይደጋግማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ማንም አይጠይቅም። ከሰው ጋር ሲሰሙ ግን ምርጫው ይጠባል። በመኪና ውስጥ አራት ሰው ካለ ለሁሉም የሚጥም ዘፈን መፈለግ ለማንም የማይጥም ዘፈን ላይ ያደርሳል። የሚሻለው ተራ ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ዘፈን ይምረጥ፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይስማ። አብሮ የተሰማ ዘፈን ደግሞ በሁለት ሰው ትዝታ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢረሳው ሌላው ያስታውሰዋል።

ባለፈው ዓመት በባቡር ከአንድ አዛውንት ጎን ተቀምጬ ነበር። ረጅም ሰዓት በዝምታ ከሄድን በኋላ ወደ ጆሮዬ እየጠቆሙ ምን እንደምሰማ ጠየቁኝ። ማዳመጫው በሽቦ የሚሰካ ነበርና አንዱን ጫፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የማሲንቆ ዘፈን ነበር። በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እስኪያልቅ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ሰሙት። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይከተል ነበር።

"አባቴ፣ ሌላ ልክፈትልዎት?" አልኳቸው።

"አይ፣ ይኸንኑ ድገሚልኝ፣ ልጄ።"

ደገምኩት።